አስራ ሁለተኛዋ ስፒል

ሰባተኛዋ ስፒል ከሴትዮዋ ግራ እጅጌ ጫፍ ተመዝዛ ወጣች። ራሷ ላይ ቢጫ ዶቃ አለባት። ብረቱ ሳህን ላይ ስትወድቅ ቀይዋንና ሰማያዊዋን ገፋ አድርጋ ቦታ ያዘች። ራጅ አንሺው ክንዶቹን አጣምሮ በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ከበሩ ወዲያ ሌላ ተረኛ ያጉረመርማል።

«አለቀ እማማ?»

«ቆይ ልጄ» አለችና ወገቧን ዳበሰች። ከወገቧ ስፌት ስምንተኛዋን፣ ከደረት ኪሷ አፍ ዘጠነኛዋንና አስረኛዋን መዘዘች።

«ሰው ነው የላኩልኝ ወይስ የስፒል ፋብሪካ?»

ልትስቅ ስትል ጉሮሮዋ ውስጥ ያለው ነገር ወጋ አደረጋትና ተወችው። ለዚህ ሁሉ ያበቃት ሳቅ ነው፤ የዛሬው ይበቃታል።

የሆስፒታሉ ጋውን ቢፈለግ ሁሉም እጥበት ላይ ነው ተባለ። ስለዚህ ከነቀሚሷ፣ ደረቷን ቀዝቃዛው ሰሌዳ ላይ ለጥፋ፣ አገጯን ወደ ላይ አንስታ ቆመች። «አይተንፍሱ!» አለ ሰውየው ከመስታወቱ ጀርባ። አልተነፈሰችም። ሠላሳ ዓመት አፏን ገጥማ ለኖረች ሴት ይሄ ምን ያቅታታል!

ሴትዮዋ ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ የሚያውቃት «እትዬ እህም» ብሎ ነው፤ ፊት ለፊቷም እንደዚያው ይጠራታል፣ እሷም ቅር አይላትም። ስትሠራ ስፒሎቹን በከንፈሮቿ መሃል ትይዛለች። ስፒል የያዘ አፍ ደግሞ አይናገርም፤ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ መልሷ «እህም» ነው። ትከሻው ጠበበ እንዴ? እህም። ለቅዳሜ ይደርሳል? እህም። ባለፈውም ለቅዳሜ ይደርሳል ብለሽኝ አልነበር? እህም፤ ይሄኛው ረዘም ይላል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ስለ ስፒል ግን የተባለ ነገር የለም።

ሥርዓት አላት። ባለ ዶቃዎቹ ስፒሎች ለልብስ ናቸው፤ የትም ትሰካቸዋለች፣ የትም ትረሳቸዋለች። ቀለማቸው ምላስ ላይ ስለሚመር አፏ አይገቡም። ለአፍ የተመደቡት «ራሰ በራዎቹ» ናቸው፦ ዶቃ የሌላቸው፣ ልሙጥ፣ ቁጥራቸው አስራ ሁለት፣ ቤታቸው አሮጌ የከረሜላ ቆርቆሮ። ሙያውን ያስተማረቻት አክስቷ «ሲገቡም ሲወጡም ቁጠሪ፤ አፍሽን አትመኚ» ብላ ነበር ያሳደገቻት። ቆጥራ ትከፍታለች፣ ቆጥራ ትዘጋለች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጎድሎባት አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት ግን ጎደለባት።

ዛሬ ጠዋት የምትሰፋው የደንበኛ ልብስ አልነበረም። የሕፃን ብርድ ልብስ ነው፤ በሁለት ስስ ጨርቅ መሃል ጥጥ የተነጠፈበት፣ ዙሪያውን የተዘመዘመ፣ ወርዱም ቁመቱም ከሁለት ክንድ ብዙ የማያልፍ። ለልጅ ልጇ ነው። የልጅ ልጇን አይታት አታውቅም። ልጇ ራቅ ካለ ከተማ ትኖራለች፤ ከተነጋገሩ ሦስት ዓመት አልፏል፤ ልጇ መውለዷን እንኳ የሰማችው ወደዚያ ከተማ በየቀኑ ከሚመላለሰው ጎረቤቷ፣ ከሚኒባሱ ሹፌር ነው። «ስጪኝና ላድርስልሽ፤ ማን ላከው ካለችኝ ከሰማይ ወረደ እላታለሁ» ብሏት ነበር። ዛሬ ማለዳ በሯ ላይ ቆሞ ጥሩምባ ሲነፋ አንድ ጠርዝ ቀርቷታል። ብርድ ልብሱ ጭኗ ላይ፣ ስፒሎቹ አፏ ውስጥ ናቸው።

ሹፌሩ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። «እትዬ እህም፣ በይ እንጂ! ይሄ ብርድ ልብስ እስኪያልቅ ልጅቷ ልትዳር ነው!»

ሳቀች። ስቃ ብታቆም ደግ ነበር፤ ከሳቁ ጋር አየር ሳበች፣ ከአየሩ ጋር አንድ ቀዝቃዛ ነገር ወደ ውስጥ አለፈ። ትን አላት። እንባዋ እስኪፈስ ሳለች፣ ጎንበስ እንዳለች ስፒሎቹን እፍኟ ላይ ተፋቻቸው። ሹፌሩ ተሳፋሪ ጭኖ የቸኮለ ሰው ነው፤ ጥሩምባውን ደገመው። የቀረውን ጠርዝ እየተጣደፈች ዘመዘመች፣ ብርድ ልብሱን አጠፈች፣ በወረቀት ጠቅልላ በክር አስራ ሰጠችው። ሄደ። ያኔ ነው የቆጠረችው። አስራ አንድ። ቆርቆሮው ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ደገመችው። አስራ አንድ። ማግኔቷን በክር እየጎተተች ወለሉን፣ የስፌት መኪናውን ሥር፣ የበሩን ደፍ አሰሰች፤ ከአንዲት ባለ ቀይ ዶቃ በቀር የያዘላት የለም። ምራቋን በዋጠች ቁጥር ጉሮሮዋን ግራ በኩል ይወጋታል። «ውጫታለሁ፣ በቃ» አለች ለራሷ። ሱቋን ቆለፈች፤ መነጽሯን የስፌት መኪናው ላይ ረስታ እየሮጠች ሆስፒታል መጣች።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። ዐይኖቹ ሥር አድሮ የዋለ ሰው ድካም አለ። ምስሉን ብርሃን ያለው ሰሌዳ ላይ ሰካና በእስክሪብቶው ጫፍ ጠቆመ።

«ያውልዎት፣ አገኘናት።»

በጭጋግ መሃል የገዛ አንገቷ አጥንቶች ተደርድረዋል። ከመሃላቸው አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር ቀጥ ብላ ቆማለች። ያለ መነጽር እንኳ ትታያለች። ዶቃ የላትም፣ ራሰ በራ ናት።

«ተመስገን!» አለች ልብስ ሰፊዋ። እጆቿን አጨበጨበች። «እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!»

ሐኪሙ ምስሉን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ምስሉን አየ። በዚህ ሥራው ስፒል ውጠው የመጡ ሰዎች አይቷል፤ እሰይ ያለ ግን የለም።

«እናቴ፣ ያልኩት ገብቶዎታል? ስፒሏ ያለችው የምግብ ቧንቧዎ ውስጥ ነው።»

«ገብቶኛል። እኔ ጋ ከሆነች ሌላ ቦታ የለችማ!» አለች። ከዚያ፣ ከጠዋት ጀምሮ በሆዷ ይዛ የመጣችውን፣ ለራሷም ደፍራ ያልተናገረችውን ነገር አወጣችው። «ብርድ ልብስ ስሰፋ ነው የጠፋችብኝ። ለአራስ ልጅ። ስስል ጨርቁ ላይ ዘልላ ጥጡ ውስጥ ገብታ ቢሆንስ ብዬ… ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ ልቤ በቦታው የለም።»

ሐኪሙ ወንበሩን ወደሷ ሳበ። የተጻፈበት ወረቀት ገልብጦ ከላይ ወደ ታች ሁለት ረጅም መስመር አሰመረ።

«የምግብ ቧንቧ ይሄ ነው። ከአየር ቧንቧው ኋላ፣ አከርካሪዎን ተደግፎ ይወርዳል። ሃያ አምስት ሴንቲ ገደማ ይረዝማል። ባዶ ሲሆን የተኛ ነው፤ ሲውጡ ብቻ ይከፈታል።»

«እጅጌ በሉኝ።»

«እጅጌ ነው፣ አዎ። ሦስት ቦታ ላይ ይጠባል። ከፊት ጥርስዎ ብንለካ የመጀመሪያው አስራ አምስት ሴንቲ ላይ ነው። ሁለተኛው ሃያ አምስት ግድም፤ እዚያ ጋ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ይጫነዋል። ሦስተኛው አርባ ላይ፣ ወደ ጨጓራ ሲገባ። ሰው የዋጠው ነገር ብዙ ጊዜ ከሦስቱ በአንዱ ይቀረቀራል። የእርስዎ የመጀመሪያው ላይ ናት።»

ልብስ ሰፊዋ ከቦርሳዋ ሜትሯን አወጣች። ልክ ሲነገር እጇ አርፎ አይቀመጥም። ዜሮውን ጥርሷ ላይ ነክሳ ሜትሩን ደረቷ ላይ ለቀቀችውና ቁጥሮቹን በጣቷ ዳሰሰች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደረት ስትለካ ኖራለች፤ ከብብት ሥር፣ ከትከሻ ትከሻ፣ ከአንገት እስከ ወገብ። ልክ ማለት ለሷ ከቆዳ ውጭ ያለው ነበር። ከቆዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠባብ መንገድ በልብ ኋላ እንደሚያልፍ የነገራት ሰው አልነበረም። ጣቷ ሃያ አምስት ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ዶክተር፣ እኔን የሚከብደኝ እኮ እዚህ ጋ ነው። ሦስት ዓመቱ።»

«ሲበሉ ይቀረቀርብዎታል?»

«ስበላ አይደለም። ልጄን ሳስብ ነው።»

ሐኪሙ ሊጽፍ አንስቶት የነበረውን እስክሪብቶ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ወደሚያውቀው ተመለሰ። «ከላይ ያለው ጡንቻ እርስዎን ይሰማል» አለ፣ የወረቀቱን አናት እየነካ። «ልዋጥ ሲሉ ነው የሚዋጠው። ትንሽ ወረድ ካለ በኋላ ግን የእርስዎን ፈቃድ አይጠይቅም፤ የራሱን መንገድ ይሄዳል። ለዚህ ነው በካሜራ ገብተን የምናወጣት። ማደንዘዣ ጉሮሮዎ ላይ ይረጭልዎታል፤ አይዞዎት።»

አንዲት ነርስ ሳህኑ ላይ የቀሩትን ስፒሎቿን በአንድ ፌስታል አድርጋ ሰጠቻትና መተላለፊያው ላይ ካለ ወንበር አስቀመጠቻት። አፏን አስከፍታ ሦስት ጊዜ ረጨችባት። በጣም ይመራል። ከዚያ ምላሷ ወፈረ፣ ላንቃዋ ጠፋ፣ ከንፈሯ የሌላ ሰው ከንፈር ሆነ። ያ የሚወጋው ነገርም አብሮ ደነዘዘ። «ለአንድ ሰዓት ምንም እንዳይቀምሱ፣ ውሃም ቢሆን» አለች ነርሷ። ልብስ ሰፊዋ «እሺ» ልትል ፈልጋ ከአፏ የወጣው ድምፅ እሷኑ አሳቃት።

ያ ድምፅ አዲስ አልነበረም። ስፒል በሞላው አፍ መሃል የሚሾልክ ድምፅ ነው። ልጇ ትንሽ እያለች ያንን ድምፅ ለይታ የምትሰማው እሷ ብቻ ነበረች። ከትምህርት ቤት መጥታ ጨርቅ ክምር ላይ ትቀመጣለች፤ እናቷ ደንበኛ ፊት ተንበርክካ «እእ እእእ» ስትል ልጅቷ ከክምሩ ላይ ሆና ለደንበኛዋ ታስረዳለች፦ «ክንድሽን ከፍ አድርጊ እያለችሽ ነው።» «ጀርባሽን ስጪኝ ነው ያለችሽ።» ደንበኞቹ ይገረማሉ። «ይቺ ልጅ የእናቷ አፍ ናት» ይሉ ነበር። እናትየዋ አፏ ሲተረጎምላት ጊዜ ስፒሎቹን ማውጣት ተወች።

ልጅቷ ሃያ አራት ሲሞላት፣ አንድ እኩለ ቀን፣ ሱቁ ውስጥ ገብታ ቆመች። እናቷ የአንዲት ወፍራም ሴት ቀሚስ ጫፍ እየሰካች ነበር። «እማዬ» አለች ልጅቷ፣ «ላገባ ነው። አብሬው ልሄድ ነው።» እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ሰውየውን ታውቀዋለች፤ ክፉ ሰው አይደለም። ከተማው ግን ሩቅ ነው። አትሂጂ ልትል ፈለገች፤ ሂጂ ልትል ፈለገች፤ ሁለቱም እኩል መጡና ጉሮሮዋ ላይ ተያያዙ። አፏ ውስጥ ደግሞ ስፒል ነበር። ስፒል የያዘ ሰው መልስ አይጠየቅም። «እህም» አለች፤ ሴትየዋን አዞረች፤ ሰካች፤ አዞረች፤ ሰካች። ልጅቷ ያን ቀን የሚተረጎም ነገር ጠበቀች፤ አልመጣላትም። «ያቺን ስፒል አውጥተሽ አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለችና ወጣች። እናቷ ዙሩን ጨርሳ ስትነሳ በሩ ላይ ሰው አልነበረም።

«ካሜራውን ከማስገባታችን በፊት ከጎን አንድ ምስል ልይ» የሚለው የሐኪሙ ድምፅ ከዚያ ቀን መለሳት። እንደገና ቀዝቃዛው ሰሌዳ፣ እንደገና «አይተንፍሱ!» የሆዷንም አብረው አነሱ።

ይሄኛውን ምስል ሐኪሙ ረዘም አድርጎ አየው። አንገቱን ዘመም አደረገ። ራጅ አንሺውም መጥቶ ከጎኑ ቆሞ አንገቱን ዘመም አደረገ። ልብስ ሰፊዋ ከሁለቱ ጀርባዎች መሃል ለማየት ተንጠራራች። ነጯ መስመር አለች። ግን ከአንገት አጥንቷ ኋላ ናት፤ ከሥጋዋም ኋላ ናት፤ ጥቁሩ ባዶ ላይ ብቻዋን ቆማለች።

ሐኪሙ ዞሮ ከጀርባዋ ቆመ። «ይቅርታ እናቴ» አለና የቀሚሷን አንገትጌ ገልብጦ አንዲት ስፒል መዘዘ። ልሙጥ፣ ራሰ በራ።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» አለ ራጅ አንሺው። ነርሷ ሳቀች፣ ሐኪሙም ድካሙን ረስቶ ሳቀ።

«ጨዋታው ይሄ ነው እንግዲህ» አላት። «ከጉሮሮዎ እስከ ሆድዎ ምንም የለም። የሚወጋዎት ጭረት ነው፤ ጭረት ደግሞ ሰውን ያታልላል፣ ነገሩ ሄዶም ያለ ያስመስላል። ሁለት ሦስት ቀን ይሰማዎታል፣ ከዚያ ይተውዎታል። አስራ ሁለተኛዋ ስፒል ይህችው ናት። ጉሮሮዎን ጫር አድርጋ ስትወጣ አንገትጌዎ ላይ ሰክተዋት ረስተዋታል። ይሂዱ፣ ደስ ይበልዎት!»

ደስ ይበላት አይበላት አላወቀችም። «እእእ?» አለች። «ምን አሉ?» አለች ነርሷ። እጇን አውለበለበች፤ ምንም ማለቷ ነው።

ስፒሏን በሁለት ጣቶቿ ይዛ ወደ መውጫው ሄደች። ቀላል ነው፣ ማመን ነው። ዶክተር አይቶ የመሰከረውን የምትክድ እሷ ምን ቤት ናት? ልማድ ነው፣ ስስል ነበር፣ ተቻኩዬ ነበር፣ እጄ ሳያስበው ሰክቷታል። አንገትጌ ላይ። ከኋላ። ከኋላ? ማነው ከማጅራቱ ላይ ስፒል የሚሰካ? እንግዲህ እሷ ሰክታለች። አስራ አንድና አንድ አስራ ሁለት። ሒሳቡ ሞልቷል።

መውጫው በር ላይ ነፋስ ተቀበላት። ማጅራቷን በረዳት። እጇን ስትልክ አንገትጌዋ ተከፍቶ፣ ወደ ኋላ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። መያዣው ቁልፍ የለም። ጣቷ የተበጠሰውን ክር አገኘው፤ ያኔ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ መጣባት። ሰኞ። ቁልፉ የተበጠሰው ሰኞ ነው። ደንበኛ እየጠበቃት ስለነበረ፣ ዶቃው ከኋላ እንዳይታይ ብላ፣ ከአዲስ ፓኬት አንዲት ልሙጥ ስፒል አውጥታ ለጊዜው ብላ አያያዘችው። አራት ቀን ሙሉ አንገትጌዋን ይዛ የኖረችው ይቺ ናት። አስራ ሁለተኛዋ አይደለችም። አስራ ሁለተኛዋ ከአፏ ወደ ሆዷ አልወረደችም፤ ወለሉ ላይ የለችም።

ግድግዳውን ያዘች።

ስልኳን አወጣች፤ የድሮ፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። አረንጓዴውን ሁለቴ ስትጫን መጨረሻ የደወለችለትን ሰው ይጠራል፤ ሹፌሩን። መንገድ ላይ ቢሆን፣ ገና ባያደርስ! ጫጫታ መሃል ድምፁ መጣ።

«ሄሎ፣ እትዬ! አድርሻለሁ፣ አታስቢ! በእጇ ነው የሰጠኋት። ወረቀቱን እዚያው ቀደደችና ፊቷ ላይ አደረገችው፤ ታልቅስ ታሽትተው እኔ እንጃ። ከዚያ ሕፃኗን ጠቀለለችበትና ሄደች። ደስ አይልም?»

ሁሉንም ነገረችው። ስፒል አለበት፣ ተመለስ፣ ሩጥ፣ ከልጅቷ ላይ አንሱት አለችው። ከአፏ የወጣው ግን «እእፊእ… እአእእ» ነበር።

«አይ እትዬ እህም፣ ዛሬም አፍሽን ሞልተሻል? አውጪና ደውዪልኝ፣ ልወጣ ነው!» ዘጋው። ደግማ ስትሞክር አልተነሳም።

በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ እጁን ያዘች። ስልኩን ሰጠችው፣ በምልክት ሕፃን አቀፈች፣ በጣቷ ወጋች። ጥበቃው ደግ ሰው ነው፤ ነገሩ ግን መላ ቅጡ ጠፋበት። «ልጅ ሊወለድ ነው? መርፌ ሊወጉ ነው?» አለና ወንበር አመጣላት። መልእክት ልትጽፍ ስልኩን ዐይኗ ድረስ አስጠጋች፤ ፊደሉ ጉንዳን ሆኖ ፈሰሰ፤ መነጽሯ ሱቅ ነው። ለአንድ ሰዓት ብላለች ነርሷ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አራስ ልጅ ስንት ጊዜ ትፈራገጣለች?

የቀረው አንድ ነው። ልጇ ከመሄዷ ዓመት በፊት ስልኩን የገዛችላት ጊዜ «ቁጥር ማስታወስ አይጠበቅብሽም፤ ሁለትን ረዘም አድርገሽ ተጫኚ፣ እኔ ነኝ» ብላት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን ሁለት ቁጥር ስታብሰለስላት ኖራለች። ብዙ ጊዜ ጣቷን አሳርፋባት አንስታለች። ብትጫን ምን ልትል ነው? ዛሬ ምን እንደምትል ታውቃለች፤ የምትልበት አፍ ግን የላትም። ከት ብላ የምትስቅበት ነገር ነበር፣ ሌላ ቀን ቢሆን። ተጫነችው።

ጠራ። ጠራ።

«ሄሎ?»

ያው ድምፅ ነው፤ ትንሽ ደከም ብሏል። ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች። «እእጄ» አለች።

ከዚያ ልጇ ቀስ ብላ፣ ትንፋሽ በሞላው ድምፅ፣ «ዛሬም?» አለች። «በሦስት ዓመትሽ ደውለሽ፣ ዛሬም ስፒል አፍሽ ውስጥ ነው?»

ልትዘጋው ነው። እናትየዋ ይሄንን ከድምፁ አወቀች፤ ወንበሩን ገፍታ ተነሳች፤ መንገደኛው ሁሉ እያያት፣ ለሃጯ አገጯ ላይ እየወረደ፣ በደነዘዘው ምላሷ እየገፋች ተናገረች። ስፒል የለብኝም አለች። ስፒሏ ብርድ ልብሱ ውስጥ ናት አለች። ልጅሽን አንሺያት አለች። ሐኪም ቤት ነኝ፣ ምላሴ ደንዝዞ ነው፣ እባክሽ ልጅሽን አንሺያት። ለመንገደኛው አንዲት ሴት የምታለቅስ ነበር የመሰለው። ጥበቃው ራሱን ነቀነቀ።

«ብርድ ልብሱ ውስጥ ስፒል አለ ነው የምትዪው?» አለች ልጇ።

ቃል በቃል። አንድም አልጎደለባት።

ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ሲወድቅ ሰማች። ሩጫ። በር። ከዚያ ቀጭን፣ የተቆጣ፣ ሳያቋርጥ የሚወጣ የሕፃን ለቅሶ። ልብስ ሰፊዋ ያንን ድምፅ ሰምታው አታውቅም ነበር። ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ስልኩን ጆሮዋ ውስጥ ልታስገባው ትንሽ ቀራት።

«ተወጋች?» ልትል ፈለገች። «እእጋእ?»

«አልተወጋችም። ተኝታ ነበር፣ ስለቀሰቀስኳት ነው የምታለቅሰው። ጀርባዋን አይቻለሁ፣ እግሯንም። ምንም የላትም።» ልጇ ታለከልካለች። «ደረቴ ላይ አድርጌያታለሁ። ብርድ ልብሱ አልጋው ላይ ነው። መጨረሻ የዘመዘምሽው ጠርዝ የቱ ነው?»

የሰፊ ልጅ! እናትየዋ እንባዋ መጣ። ስፌቱ ጥቅጥቅ ብሎ የተጣደፈበት ጠርዝ ነው አለቻት።

«አገኘሁት። ስትቸኩዪ ያስታውቅብሻል። በስንዝር ነው የምሄደው። አንድ… የለም።»

እናትየዋ ዐይኗን ጨፈነች። የልጇ ጣቶች ጨርቁ ላይ ሲሄዱ ታየቻቸው፤ ጥጡን ጨምቀው፣ ለቀው፣ ጨምቀው።

«ሁለት። የለም።»

«ያን ቀን» አለች እናትየዋ። አስባበት አይደለም። ወርዶ ወርዶ የራሱን መንገድ የያዘ ነገር ነበር፤ መልሺው ብትባልም አትችልም። «ያን ቀን እምቢ አላልኩሽም።»

የጨርቁ ድምፅ ቆመ። ሕፃኗ ትነፈርቃለች።

«ምን ነበር ታዲያ ያልሽኝ?»

«ግራ ገብቶኝ ነበር። ሂጂ ልልሽ ነበር፤ አትሂጂም ልልሽ ነበር። ስፒሉን ሰበብ አደረግኩት።»

ይሄ ሁሉ እንዴት ሆኖ በዚያ ምላስ ወጣ፣ ማን ያውቃል። ጥበቃው በኋላ ሲያወራ አንዲት ቃል አልሰማሁም ብሏል። በዚያኛው ጫፍ ግን የሚሰማ ሰው ነበር፤ ትንፋሹ ይሰማል።

«ሦስት» አለች ልጇ። ድምፅዋ ተለውጧል። «የለም።»

ሕፃኗ ለቅሶዋን እየቀነሰች መጣች፤ ሳግ ብቻ ቀራት። በመንገዱ ላይ መኪና አለፈ። ልብስ ሰፊዋ የአንገትጌዋን ስፒል በመዳፏ ውስጥ ጨብጣ ነበር፤ ትውጋት አትውጋት አላስተዋለችም።

«አራት» አለች ልጇ። ከዚያ «የለም» አላለችም። «አለች»ም አላለችም። ጣቶቿ እዚያው ቆመዋል።

«እማዬ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ምራቋን ዋጠች። ምንም አልተሰማትም። በከንፈሮቿ መሃል የሠላሳ ዓመቱ «እህም» ተዘጋጅቶ መጥቶ ቆሞ ነበር፤ አሳለፈችው፤ አፏን እስከቻለችው ከፈተች።

«ወዬ ልጄ» አለች። «ወዬ።»